ማንጠግቦሽ በእባጩ ቤት

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ትልልቆቹም ጆሮ ካላችሁ ስሙ። ድሮ ድሮ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንድ ዋንዛ ነበር። ከቅጠሎቹ አንዱ ላይ እባጭ ወጥቷል፤ የእባጩ ሆድ ባዶ ነው፤ ያ ባዶ ደግሞ የክሽክሾች ቤት ነው። ክሽክሽ የቅጠል ውሃ እየመጠጠች የምትኖር፣ ከሰሊጥ የምታንስ ተባይ ናት። በዚያ ቤት ያሉት ሁሉ የአንዲት እናት ሴት ልጆች ናቸው፤ አባት የሚባል አያውቁም።

ማንጠግቦሽ የሌላ ቅጠል ልጅ ነበረች። ቅጠሏ ሲደርቅ ረሃብ አባረራት። ስሟን ያወጣላት ማን እንደሆነ እንጃ፤ የማትጠግበውስ እሷው ነበረች።

በሩ ላይ ዘበኛዋ አንጓች መርፌ አፏን ደግና ቆማለች።

«ማነሽ?»

«የእናትሽ ልጅ!»

የክሽክሽ መልክ አንድ ነው፤ በምን ትለያት? «ግቢ እህቴ፣ ብዪ» አለቻት። ገባች፤ በላች። ሕፃናቱን ገፍታ ለምለሙን ቦታ ያዘች።

የዚያ ቤት ሕግ ከባድ ነው። ትል ግድግዳውን ሲበሳ «የእናት ልጅ፣ ወደ ቀዳዳው!» ይባላል። እህትማማቾቹ ይሮጣሉ፤ የሰውነታቸውን ፈሳሽ ቀዳዳው ላይ አፍስሰው በእግራቸው ያቦኩታል፤ ሲደርቅ ግድግዳ ይሆናል። ብዙዎቹ እዚያው ምርጊቱ ውስጥ ይቀራሉ።

ትል መጣ፣ በሳ።

«የእናት ልጅ፣ ወደ ቀዳዳው!»

«እግሬን ቁርጥማት ይዞኛል» አለች ማንጠግቦሽ። ሌሎቹ ሮጡ፤ ሞቱ።

ትል ዳግም መጣ፣ በሳ።

«የእናት ልጅ፣ ወደ ቀዳዳው!»

«ሆዴን ነፍቶኛል።» እሱስ እውነቷን ነው! ሌሎቹ ሮጡ፤ አለቁ። አንጓች አለቀሰች፤ ማንጠግቦሽ በሟቾቹ ቦታ ተንጋላ መጠጠች።

በሦስተኛው ትሉ ሰፊ አድርጎ በሳ። ከትልልቆቹ እህቶች የቀረችው አንጓች ብቻ ናት፤ ሕፃናቱ ከኋላዋ ተሸጉጠዋል።

«የእናት ልጅ፣ ወደ ቀዳዳው!»

ማንጠግቦሽ ሮጠች! አንጓች ደስ አላት። ለካ ማንጠግቦሽ ልትሸሽ ኖሯል። ትሉ ዘወር ሲል ራሷን አሾለከች፤ ያ የጠገበ ሆዷ ግን አላልፍ አለ። እዚያው ተወተፈች። ወደፊት ብትል አቃታት፣ ወደኋላም ብትል አቃታት። ወዲያው ጀርባዋ ላይ እርጥብ ነገር ሲፈስ ተሰማት።

«ኧረ አንጓች! ምን እያደረግሽ ነው? እኔ እኮ እንግዳ ነኝ! የሌላ እናት ልጅ ነኝ!»

«ስትበዪ የእናቴ ልጅ ነበርሽ» አለች አንጓች፣ የመጨረሻ ፈሳሿን እያቦካች። «ዛሬም ነሽ።»

«ማሪኝ!»

«እኔስ መቼ ቀረሁ? ዝም በይ እህቴ፤ አብረን ነን።»

ምርጊቱ ሁለቱንም ይዞ ደረቀ። ትሉ ተመልሶ ውጭ የቀረውን የማንጠግቦሽን ራስ በላ፤ ግድግዳውን ግን መብሳት አቃተውና ሄደ። ሕፃናቱም የትኛዋ እህት፣ የትኛዋ እንግዳ እንደነበረች ሳያውቁ፣ በዚያው ግድግዳ ተደግፈው መጠጡ።

ይህን ስነግራችሁ ደስ ብሎኝ አይደለም። እኔ ተናግሬያለሁ፤ ግድግዳ ያለው ይስማ፦

በእህት ስም የጎረሰች፣ በእህት ስም ተመረገች።