ዝምበሉ ምንጭ

ከቀጨሞ መንደር በላይ፣ ዳገቱ ሜዳ በሚሆንበት ቦታ፣ በክብ የተደረደረ የድንጋይ መሠረት አለ፤ ጣሪያ የለው፣ ግድግዳ የለው፣ መሐሉ ላይ ግን በጋ ከክረምት የማይደርቅ ምንጭ ይፈልቃል። ስሙ ዝምበሉ ነው። ውኃ ቀጂ መንገድ ለመንገድ ሲያወራው የመጣውን ወሬ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ይቆርጠዋል፤ የተጣሉ ሴቶች እንኳ ጠባቸውን እንደ ጫማ ውጭ አውልቀው ይገቡና ሲወጡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እንግዳ «ምነው ዝም አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚነገረው ይህ ነው።

ድሮ፣ ምንጩ ሳይታወቅ፣ የቀጨሞ ሰው ውኃ የሚያመጣው ከገደሉ ሥር ከሚወርደው ወንዝ ነበር ይባላል፤ ማልዳ የወረደች ሴት ጀርባዋ በእንስራ ተልጦ የምትመለሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። በዚያ ዘመን አሁን ምንጩ ያለበት ቦታ ላይ አየለች የምትባል ሴት ቤት ነበራት። በልጅነቷ ክፉ ቀን የወላጆቿን ቤት አራቁቶት ስለነበር፣ ትዳር ከያዘች ወዲህ ዕቃ መጣል አይሆንላትም። አፉ የተሸረፈ ጋን፣ ቂጡ የሚያፈስ ማሰሮ፣ ክዳኑ የጠፋ ሙዳይ፣ የሞተ በሬ ቀንበር፣ ሁሉንም «አንድ ቀን ይሆነኛል» እያለች ታስቀምጣለች፤ ሰው የጣለውንም አንስታ ትገባለች። በጓዳው ጥግ ደግሞ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ከበሩ የሚሰፋ የእህል ጎታ ነበራት። ቤቱ ሞልቶ ባሏ ደምለው ደጅ መደብ ላይ፣ ከጥጃው ጎን ማደር ጀመረ።

ጎረቤቷ እትዬ እታለም ባለፈች ቁጥር ትተርባቸው ነበር አሉ።

«ደምለው፣ አንተንስ መች ነው የምታስገባህ?»

«አፌ ሲሸረፍ ነዋ፣ እትዬ! ደህና ነገር መች ትወዳለች?»

«ሳቁ፣ ሳቁ» ትላለች አየለች ከውስጥ፤ «የቸገራችሁ ቀን እዚሁ ደጅ ናችሁ።»

ቤቱ ርጥበት አያጣውም ነበር፤ እሷ ግን የሚያፈሱት ማሰሮዎች ናቸው እያለች ወለሉ ላይ ቁርበት በቁርበት ትደርብበታለች።

እንደሚነገረው አንድ ቀን አየለች ደጅ ገብስ ስታሰጣ፣ ገና መዳህ የጀመረችው ልጇ የውብዳር በዕቃው መሐል ሾልካ ጠፋች። እናት ለቅሶ ሰምታ ሮጣ ገባች። ለቅሶው ከደጃፉ ጋን ውስጥ ነው፤ ጎንበስ ብላ አየች፣ ባዶ። ከወዲያኛው እንስራ ተሰማት፤ እሱም ባዶ። ጉዱ ያኔ ታወቀ፤ በቤቱ ያለው ባዶ ሸክላ ሁሉ የልጅቷን ድምፅ እየተቀበለ በየአፉ ያለቅሳል፣ ግድግዳው ያለቅሳል፣ ጣሪያው ያለቅሳል፣ እውነተኛዋ ልጅ ከየት እንደምትጣራ የሚለይ ጆሮ ጠፋ።

መንደሩ ለጩኸቷ ደረሰላት፤ ከጓዳ እስከ ደጅ ተሰልፎም ዕቃውን እየተቀባበለ ማውጣት ጀመረ። አየለች ግን እያለቀሰችም «ቀስ በሉ፣ እሱ የእናቴ ነው! ያንን አታጋጩት!» ትላለች።

«አንቺ!» አለቻት እትዬ እታለም፤ «ልጅሽን ነው ገንቦሽን የምንፈልገው?»

አየለች ሳትመልስላት ለቅሶው ተቋረጠ። ሸክላው ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ቀስ በሉ የሚል አልተሰማም። የእናቷን ገንቦ በገዛ እጇ አንስታ ወደ ደጅ ወረወረችው ይባላል። ቁርበቱ ተገፈፈ፣ ቀንበሩ ወጣ፣ ከጎታው በቀር ቤቱ ውስጥ አንድም ነገር አልቀረም። ሴቶቹ እዬዬ ሲሉ፣ ወንዶቹ ወዲህ ነች ወዲያ ነች እያሉ ሲከራከሩ፣ አየለች «ዝም በሉ!» ብላ ጮኸችና ርጥቡ ወለል ላይ ተደፍታ ጆሮዋን አስጠጋች። ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ውሻ እንኳ አልጮኸም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ከመሬቱ ውስጥ የተሰማት ለቅሶ አልነበረም፤ አንድ ሰው በጆሮዋ የሚያንሾካሹክ የሚመስል፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው፤ የሚመጣውም ከጎታው ጀርባ ነው።

ቀና ስትል ደምለው መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል፤ አቀበላት፤ እሷም ጎታውን መታችው። የዓመቱ ገብስ እስከ ጉልበቷ ፈሰሰ። ከተናደው ጎታ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር መሬቱ ሰርጎ፣ የውብዳር እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ቁጭ ብላለች። አታለቅስም። በመዳፏ ውኃውን ቸብ ታደርግና ጸጥ ብላ ታዳምጠዋለች፣ ደግሞ ቸብ ታደርጋለች። ውኃው ከዐለቱ ስንጥቅ እየተንፎለፎለ ይወጣል፤ ጥርት ያለ፣ ማንም ከዚያ በፊት ያላየው ውኃ። ገደል ሲወርዱ ሲወጡ ጀርባቸው የተላጠ ሴቶች በሩ ላይ እንደቆሙ ደርቀው ቀሩ። መጀመሪያ የተንበረከከችው ተራቢዋ እትዬ እታለም ነበረች አሉ።

«እዚሁ ኖሯል» አለች አየለች ልጇን ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች።

ወደ ማታ «ዕቃሽን እናስገባልሽ?» ሲሏት፣ ደጁን ሁሉ የሞላውን እንደ ሰው ዕቃ አየችውና «የወደደ ይውሰድ» አለች። ውኃ መቅጃ አንድ እንስራ ብቻ አንስታ ቤቱን ለምንጩ ለቀቀችለት። ከታች በኩል ትንሽ ጎጆ ቀለሱ፤ ደምለውም ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ተኛ ይባላል።

ዛሬም በቀጨሞ ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ እያንዳንዱ ቤት ዕቃውን እስከ መጥረጊያው ድረስ ደጅ ያወጣል። የቤቱ እናት ትንሹን ልጅ ታቅፋ ባዶው ቤት መሐል ትቆምና ታዳምጣለች። ምን እንደሰማች አትጠየቅም። ከዚያ የሚገባው ይገባል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ደጅ የቀረው የአላፊ አግዳሚው ነው።

አሁን ሴቱ ወደ ዝምበሉ የሚመጣው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ነው። ሽማግሌዎቹ ፕላስቲክ ድምፅ አይቀበልም ብለው ፈርተው ነበር። ሴቶቹ ግን ከመቅዳታቸው በፊት ክዳኑን ይከፍቱና የጀሪካኑን ባዶ አፍ ወደ ውኃው አዘንብለው ትንሽ ይቆያሉ። ነፋስ ከገደሉ ሽቅብ ሲመጣ ቀጭን ድምፅ ይወጣዋል፤ ያኔ ልጅ ያዘለች ሁሉ አንድ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የልጇን እግር ትዳስሳለች።