የዋንዛ በር የፊደል ለቅሶ

በዋንዛ በር ሕፃን ሲሞት ሙሾ አይወረድም። ቀባሪው ጉድጓዱን ከቦ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ፊደል ይቆጥርና ሟቹ ተምሮ ያቆመበት ላይ ሲደርስ ድንገት ዝም ይላል፤ ከዚያ አፈር ይመልሳል። መንገደኛ ቢሰማ «ምን ነካቸው እነዚህ?» ማለቱ አይቀርም፤ ምን ያድርግ፣ የነገረው የለ!

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ይህን ያመጡት የኔታ ዘወንጌል ናቸው። ክህነት ያልነበራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለማኝና የሸክላ ሠሪ ልጅ ሰብስበው፣ ራሳቸው ለምነው እያበሉ ያስተማሩ ሰው ነበሩ ይባላል። ባለጠጋው «ይኼ ሁሉ ዳዊት ከደገመ ከብቱን ማን ሊጠብቅልን ነው?» እያለ ይሳለቅባቸው ነበር። ልጆቹን ግን በትምህርቱ ትንሽ ፈቀቅ እንዳሉ ረሃብ እየበተነባቸው፣ አንድም ልጅ ፊደል ሳይጨርስላቸው ሸበቱ። አንድ፣ አንድ ብቻ ጨርሶ ሳያዩ መሞትን ፈሩ።

ተስፋቸው ውዴ የምትባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። ጸ ላይ ደርሳ ሦስት የፊደል ቤት ብቻ ሲቀራት፣ እንደሚነገረው፣ ተስቦ ገባና ሰፈሩን አጨደው፤ ካህናቱም ነፍሴ አውጪኝ ብለው ደጋ ወጡ። ታዲያ ክህነት የሌለው ሰው እንዴት አድርጎ ሙት ይፍታ? ሕፃናቱ ያለ ፍትሐት ሲቀበሩ የኔታ በየጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ያስተማሩትን ያንኑ ፊደል፣ ልጁ እስከ ደረሰበት ድረስ ይሉለት ጀመር።

በመጨረሻ ውዴም ሞተች። የኔታ ከሀ ተነሥተው ጾ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። እናቷ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«የኔታ፣ ይጨርሱላት እንጂ! በሞቴ! ሦስት ቤት ምን አላት?»

«ያላስተማርኳትን ከየት ላምጣላት፣ ልጄ?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አላስተማሩም፤ ዓመቱም ሳይዞር አረፉ ይባላል። እሳቸውን የሚተካ መምህርም ዋንዛ በር አልመጣም፤ ሕዝቡ ፊደሉን የያዘው ቀብር ላይ እየሰማ ነው፣ ለልጁም በቃል የሚያስይዘው ያንኑ ነው፤ ለማንበብ አይሆነውም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ አገር ሴት ስትገላገል፣ ልጇን ጡት ከማስያዟ በፊት በጆሮው «ሀ» ትለዋለች፤ ቢሞትባት እንኳ የሚባልለት ነገር እንዳያጣ።