ዲንቄ ነጠላ የለበሰች ቀን

ግራር ውሃ ላይ ሰው እንግዳ ከደጁ ሊመልስ ሲነሣ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። የሸማ ነገር ስላለበት ብዙዎች ከሸማኔ አፍ የወጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። የመጣው ነጠላ መልበስ በማታውቅ አንዲት ሴት ምክንያት ነው።

ሴትዮዋ ዲንቄ ትባላለች። ግንድ ሰንጣቂው እንየው ከወንዙ ማዶ፣ ከቆላ አግብቶ፣ ካረገዘች በኋላ ያመጣት ናት። ባመጣት ማግስት መጋዙን ተሸክሞ ወደ ሥራው ወረደ፤ እሷም ሆዷ ገፍቶ፣ ቋንቋ ሳታውቅ፣ ጎጆዋን ታቅፋ ቀረች። የመንደሩ ሴቶች ከሩቅ ያዩዋታል እንጂ ደጇን የረገጠ የለም። ዲንቄ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ምጥ ሲመጣ ብቻዋን መሆን። በአገሯ ሴት ብቻዋን አትወልድም። ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ እሑድ እሑድ ወደሚሄዱበት ብሄድ ቢያንስ ፊቴን ይለምዱታል ብላ አሰበች።

ሴቶቹ የሚሄዱት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ የሴቶች በር ላይ ደግሞ ወይዘሮ የውብዳር አለች። ማንም አልሾማትም፤ ራሷ ናት የቆመችው። የምትገባውን ሁሉ አንገቷን ታያለች። ማተብ ያላሰረች፣ «የንስሐ አባትሽ ማን ናቸው?» ስትባል የምትንተባተብ፣ ከዚያ አታልፍም።

ዲንቄ ይህን ሁሉ አታውቅም። እንየው የገዛላትን ነጠላ አውጥታ አገላብጣ አየችው። ጫፉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥለት አለው። እንዲህ ያለ ያማረ ነገር ተረከዝ ላይ ምን ይሠራል? ጥለቱን ሽቅብ አዙራ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው፤ እስከ አገጯ ደረሰ። ደስ አላት። ግራር ውሃ ላይ ግን ጥለቱን ሽቅብ አድርጎ የሚለብስ ሐዘንተኛ ብቻ ነው።

እሑድ ዲንቄ በሩ ላይ ስትደርስ የውብዳር ለማገድ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። አንገት ማየቱንም ረሳችው፤ ብታስታውስም ጥለቱ ሸፍኖታል።

«ውይ እኅቴን! ማን ተለየሽ?»

ዲንቄ የምታውቀው አማርኛ ሁለት ነው፤ «አዎ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን»። እንየው፣ በእነዚህ አገር ትዞሪባቸዋለሽ ብሏት ነበር።

«አዎ» አለች።

«ባልሽ ነው? እንየው?»

የባሏን ስም ስትሰማ ፊቷ በራ። «አዎ! እንየው!»

«ምን አገኘው? ግንድ ወደቀበት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

የውብዳር ደረቷን መታች። «ስሙ እናንተ! ባሏ ሞቶ ታመሰግናለች! በግ ሲሞትብን ከፈጣሪ ጋር የምንጣላውን እኛን ምን ይዋጠን!»

ቅዳሴው ሲያልቅ ሴቶቹ ደግፈው ጎጆዋ አደረሷት። አንዷ ውሃ ቀድታ መጣች፤ አንዷ የለቅሶ ንፍሮ ቀቀለች። ከዚያ መሬት ቁጭ ቁጭ አሉና ያለቅሱ ጀመር። ዲንቄ ግራ ገባት። በእሷ አገር እንግዳ በእልልታ ነው የሚቀበሉት፤ እዚህ በለቅሶ ነው ማለት ነው? ደግሞ ከልባቸው ነው! አንዷማ «መጋዝህን ማን ያንሣው» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። ዲንቄ ወጉ እንዳይቀርባቸው ብላ እሷም አለቀሰች። አንዴ ከጀመረች በኋላ ግን ያ ሁሉ ብቸኝነት ተከትሎ መጣና ማቆም አቃታት።

የውብዳር አቀፈቻት። ሆዷን ዳስሳ፣ «ቀንሽ ሲደርስ ላኪብኝ። የማዋልድሽ እኔ ነኝ» አለቻት። ይህ በእጅ የተነገረ ስለሆነ ዲንቄ ገባት።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው።

ይህን ጊዜ በሩ ጨለመ። መጋዝ የተሸከመ ሰው ቆሟል።

«እንደምን ዋላችሁ? ማን ሞቶ ነው?» አለ እንየው።

ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ኋላ ከመካከላቸው አንዷ፣ «አንተ» አለችው።

«እኔ? መቼ?»

ዲንቄ በደስታ ተነሥታ ንፍሮውን አቀረበችለት። ርቦት ስለነበር ለራሱ ለቅሶ ከተቀቀለው ዘገነ። ስትነሣ ግን ነጠላዋ ተንሸራቶ ባዶ አንገቷ ታየ።

«ማተብ የላትም!» የውብዳር ብድግ አለች። «ሳትጠመቅ በእኔ በር ገባች! በውሸት ለቅሶ እንባችንን አፈሰሰችው! ከእንግዲህ እዚያ በር ዝር እንዳትል። ቅድም ያልኳትንም ትቼዋለሁ፤ የምታዋልዳትን ትፈልግ!»

እንየው አፉን ንፍሮ ሞልቶት መተርጎም አቃተው። ዲንቄ አንዷንም ቃል አልሰማቻትም፤ ቅድም ሆዷን የዳሰሰው የሴትዮዋ እጅ መራቁን ግን አወቀች። ምን አጠፋሁ? ንፍሮውን ለባሏ መስጠት ነውር ይሆን?

ጥግ ላይ ከሴቶቹ ጋር የመጡት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አሮጊት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሐና፣ ተቀምጠዋል።

«የውብዳር፣» አሉ፣ «አንቺ ስትወለጂ ማተብ አስረሽ ነው የወጣሽው?»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«እማሆይ፣ ሥርዓት እኮ ነው!»

«ሥርዓት ነው። ትማራለች፣ ትጠመቃለች፤ ክሩን እኔ እፈትልላታለሁ። ይልቅ ንገሪኝ፣ ቅድም ያለቀስሽው ለማን ነው? ለእንየው እንዳትይኝ፤ በሕይወቱ አንድ ቀን ደህና ዋልህ ብለሽው አታውቂም።»

«አሁንም በሕይወት አለሁ እኮ» አለ እንየው።

«አንተ ንፍሮህን ብላ።»

የውብዳር ወለል ወለሉን አየች። «ለእሷ ነዋ። ብቻዋን ቀረች ብዬ።»

«ይኸው ነገ ተመልሶ መጋዙን ይዞ ይወርዳል። ምኑ ተለወጠ?»

የውብዳር ግን እልኸኛ ናትና ወደ በሩ ዞረች። ዲንቄ ይሄኛውም የአቀባበሉ ወግ መሰላት። ጎንበስ ብላ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ያላትን አማርኛ ሁሉ ሰጠቻት፦ «አዎ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የውብዳር ልትይዘው ሞክራ አመለጣት፤ ከደፉ ላይ ተመልሳ ዘጭ አለች። «ይቺ ሴትዮ እያመሰገነች ልትገድለኝ ነው» አለች፣ እየሳቀች እንባዋን ስትጠርግ።

ዲንቄ አሁንም ምንም አልገባትም። እማሆይ ግን ነጠላዋን ከአንገቷ ፈትተው ጥለቱን ወደ ታች እያዞሩላት፣ ዐይናቸውን የውብዳር ላይ ጥለው እንዲህ አሉ፦ «በእንባ የከፈቱትን በር ጥለት ዞረ ብለው አይዘጉትም።»