አጋፋሪ ሽበሺና የፈረንጅ ስም

ሽማግሌዎቹ ሲያወሩት እንዲህ ነው፤ ውሸት ካለበት ኃጢአቱ መጀመሪያ ያወራው ላይ ይሁን።

አጋፋሪ ሽበሺ የደጃዝማች ገድሌ በረኛ ብቻ አልነበሩም። ግብር በተበላ ቁጥር ከአዳራሹ ደጃፍ ቆመው የመጣውን እንግዳ በስሙና በማዕረጉ ጮክ ብለው የሚጠሩ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቁ፣ ያለ ቦታው ጉብ ያለውን በዓይናቸው ብቻ የሚያስነሱ ሰው ነበሩ። ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ ከሳቸው በፊትም አባታቸው ሠርተውታል። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነበር ይባላል። ስለ ምላሳቸው ግን የቀመሰው ይናገር።

ነገሩ የተጀመረው የደጃዝማች የእህት ልጅ፣ ልጅ መክብብ፣ ፓሪስ አሥራ አንድ ወር ቆይቶ የተመለሰ ዕለት ነው። አገር ሁሉ ሊቀበለው ወጣ። ልጁ ከበቅሎው ወርዶ እናቱን እየሳመ ሲያወራ ቃሉ ሁሉ በአፍንጫው ይወጣል። ፈረንሳይኛው በአፍንጫው፣ አማርኛው በአፍንጫው፣ «እንደምን ከረማችሁ» ማለቱ እንኳ በአፍንጫው! እናቱ ወይዘሮ አሰገደች ክው አሉ። «ልጄን ብርድ መታብኝ! ዳማከሴ አምጡ!» እያሉ ቤቱን አተራመሱት። ዳማከሴው ተጨምቆ ሲቀርብ አጋፋሪ ሽበሺ ከደጃፉ ሆነው፣

«እመቤቴ፣ ይህን ዳማከሴ አይነካውም፤ የሚሰማው ሰው ሲያጣ በራሱ ይለቀዋል» አሉ።

ልጅ መክብብ ይህን ሰማ። ሰምቶም አልረሳም።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ሰላም አጣ። አንዱ ፈረንጅን «ሙሴ» ብሎ ሲጠራ ልጅ መክብብ «መስዩ ነው!» ይላል፤ ሌላው «ባቡር» ሲል አስቁሞ ያርመዋል። ከመንደሩ ሰው ግማሹ አፈረ፣ ግማሹ ደግሞ እሱን መሰለ። ሱቅ የሄደው ሰው የዕቃውን ስም እንዳይሳሳት ፈርቶ የሚገዛውን በጣቱ ይጠቁም ጀመር። ደህና አድርጎ የሚናገር አፍ እያለው ዲዳ ሆነ እኮ!

ልጁን ከመሰሉት ዋነኛው ዳኛው ባላምባራስ ይርዳው ነበሩ። አንድ ቀን አያ በላቸው የሚባል ገበሬ ካፖርቱን የሰረቀውን ሰው እጅ ከፍንጅ ይዞ ችሎት አቀረበ። ሌባው ቆሞ የሚሟገተው ካፖርቱን እንደለበሰ ነው። ባላምባራስ ግን ከልጅ መክብብ ጋር ሰንብተው ኖሮ ከንፈራቸውን ሾል አድርገው፣ «ካፖርት የሚባል ነገር በፈረንጅ አገር የለም። ስሙን አስተካክለህ ካልጠራህ ክስህን አልሰማም፤ በሌለ ዕቃ ሙግት አይቆምም» አሉት። አያ በላቸው ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቴም አልሆነለትም። ብርዱ እየገረፈው ሊሄድ ሲነሳ ችሎት ሊያዳምጡ የመጡት አጋፋሪ ሽበሺ እጅ ነስተው፣

«ጌታዬ ዳኛ፣ ሌባው ሲወስደውስ ስሙን አስተካክሎ ጠርቶት ነበር?» አሉ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ካፖርቱም ከሌባው ጀርባ ወልቆ ለባለቤቱ ተመለሰ።

ባላምባራስ ይርዳው ቂማቸውን ዋጥ አድርገው አጋፋሪን ምሳ ጠሯቸው። ባላምባራስ ደግሞ በንፍገት የታወቁ ናቸው፤ በሳቸው ቤት ፋሲካ ከጦሙ የሚለየው በቀኑ ብቻ ነው ይባል ነበር። ገበታው ቀረበ። በጎድጓዳ ሳህን ውኃ የመሰለ ነገር መጣ። «ሾርባ እንዳትለው፤ ኮንሶሜ ነው የሚባለው። የሠለጠነ ሰው ከዚህ በላይ አይበላም። እስቲ በለው!» አሉ ባላምባራስ። አጋፋሪ አንድ ጊዜ «ኮንሶሜ» አሉ። ተደግሞ እንዲሉት ታዘዙ፤ ደገሙት። ሦስተኛ ታዘዙ፤ ሠለሱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቢያዩ የሳህኑ ወለል ጥርት ብሎ ይታያል።

«ይኸስ መጣ፤ ሥጋው እንዲመጣ ደግሞ ምን ብዬ ልጥራ?»

እንግዲህ ልጅ መክብብና ባላምባራስ መከሩ። ጊዜው የሚመች ነበር። ደጃዝማች በዓመት በዓመቱ ሰውና ከብት በሚወስደው ወንዝ ላይ ድልድይ ሊያሠሩ፣ አንድ የፈረንሳይ መሐንዲስ ለግብር ጠርተዋል። ልጅ መክብብ አጎቱ ጆሮ ሥር ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሽማግሌ የሰውየውን ስም አበላሽቶ ይጠራውና ሰውየው ተቀይሞ ይሄዳል፤ ድልድዩም ይቀራል። ደጁን ለኔ ሰው ይልቀቅ» አላቸው። ደጃዝማች የድልድዩ ነገር እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ነበሩና አጋፋሪን አስጠሩ።

«ሽበሺ፣ በእንግዳዬ ስም ብታዋርደኝ ደጁን ታስረክባለህ» አሏቸው።

አጋፋሪ መሬት ስመው ወጡ። በዚህ ቀን ፈርተው ነበር። ከአባታቸው የወረሱት ርስትም ሆነ ከብት የለም፤ የወረሱት ያንን ደጃፍ ነው። በስተርጅና ከደጅ ጠሪነት ወደ ደጅ ጠኚነት መውረድ ምን እንደሚመስል በየማለዳው ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው።

ልጅ መክብብ ሊያስተምራቸው ፈቃደኛ ሆነ፤ ማስተማሩ ከማባረሩ ይልቅ ደስ ሳይለው አልቀረም። የእንግዳው ስም ሎሪዬ ነው። «‹ሪ› የምትለዋ ከምላስህ አትምጣ፤ ከጉሮሮህ ቆፍረህ አውጣት» አላቸው። አጋፋሪ ቆፈሩ። አልወጣችም። ውኃ ተጎንጭተው፣ ቀና ብለው በጉሮሯቸው እንዲያንቋርሩት ታዘዙ፤ ቢያንቋርሩ ግቢው ውስጥ ያሉት ዶሮዎች አጥር ዘለው ሸሹ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትን ብሏቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣

«ጌታዬ፣ ሰውየውን ልጥራው ነው ወይስ ልትፋው?» አሉ።

ቤታቸው ሲገቡ ሚስታቸው ወይዘሮ ስንቅነሽ ሳል የገደለውን ጉሮሯቸውን በማር አራሱላቸው። ወይዘሮዋንም ጭንቅ ይዟቸዋል። «አንተ ሰው፣ ለመሆኑ የሰው ስም እስከ ምን ድረስ ቢቃና ነው የሚበቃው?» ብለው ጠየቁ።

«ባለቤቱ ዞር እስኪል ድረስ። ከዚያ የተረፈው ለተመልካች ነው።»

የግብሩ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ባላምባራስ ይርዳው ነገሩ እንዳያመልጣቸው ከደጃፉ አቅራቢያ ተቀመጡ፤ ልጅ መክብብ ከአጎቱ ቀኝ ሆኖ አንገቱን አሰገገ። እንግዳው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከበሩ ብቅ አለ። አጋፋሪ ሽበሺ ጉሮሮ መቆፈሩን ትተው እግዜር በሰጣቸው አፍ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ፣

«ሙሴ ሎሪ! የድልድዩ ጌታ!» ብለው ጠሩ።

እንግዳው ዞር ብሎ ፈገግ አለና ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ። ልጅ መክብብ ግን ከመቀመጫው ሲዘል የጠጁን ብርሌ ደፋው። «አይደለም! ሎሪዬ ነው! አዋረድከን!» ብሎ ጮኸ። ባላምባራስ «እኔስ ብዬ ነበር» እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንግዳው የሚሆነው ነገር አልገባውም። ወደ ደጃዝማች ቀረብ ብሎ መንገድ ለመንገድ ሲያጠናው የመጣውን ሰላምታ፣ በቅን ልቡ፣ «ቴና ይስትሊን፣ ደሻስማሽ ጌትሊ!» አላቸው። የደጃዝማችን ስም ያለ ማዕረጉ የጠራ ሰው ሦስት ግብር በሚከለከልበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። መኳንንቱ የሚያዩበት ጠፍቷቸው ገበታ ገበታውን አዩ። ያን ጊዜ ልጅ መክብብ እጁን እያጨበጨበ፣ «ግሩም ነው! አማርኛችንን እንዴት ያሳምሩታል!» አለ። ባላምባራስም ተከትለው አጨበጨቡ።

ደጃዝማች ፊታቸው እንደጠቆረ ወደ ደጃፉ ዞሩ። «ሽበሺ፣ ምን ብዬህ ነበር?» አሉ።

አጋፋሪ ሽበሺ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«ጌታዬ፣ ልጅ መክብብ የእንግዳው ስም ሲሰበር ከመቀመጫቸው ዘለሉ፤ የእርስዎ ሲሰበር አጨበጨቡ፤ ታዲያ ደጅዎን ለማን ላስረክብ?»