ጋቢውን ያቆሸሸ ግድግዳ

ከተማሪዎቹ መካከል በጾምም በትምህርትም የሚቀድመው አንዱ፣ «የኔታ፣ እኔ ሰው አላማም፣ ቃሌን አላጥፍም፤ ታዲያ ሰው ከአጠገቤ ለምን ይሸሻል?» ብሎ ጠየቀ። የኔታም ፈገግ ብለው፣ «ጥያቄህ የግድግዳ ጥያቄ ነው» አሉትና ጀመሩ።

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአባታቸው መሬት ወሰን ተጣልቶ ስድስት ዓመት ተኳርፈው ኖሩ። ጥፋቱ የታናሽየው ነበርና በስተኋላ ድንጋይ ተሸክሞ ከታላቁ እግር ሥር ወደቀ። ሽማግሌዎቹም፣ «ታላቅየው በታናሽየው ቤት ገብቶ እንጀራ ይቁረስ፤ እርቁ የሚጸናው ያን ጊዜ ነው» ብለው ቀኑን ለዳግማይ ትንሣኤ ቆረጡ።

ባለጸጋው ከደስታው ብዛት የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ወንድሙን የሚቀበልበት አዲስ አዳራሽ አሠራ። ግንቡ እንዳለቀ በአገሩ የታወቀችውን ግድግዳ ለሳኝ፣ ወይዘሮ ስንዱን አስጠርቶ፣ «ኖራ ቀቢልኝ። ነጭ ይሁን፤ ነጭ ስልሽ ደግሞ ነጭ ነው» አላት።

«ጌታዬ፣ ጥቂት ብጫ አፈር ጣል ላድርግበት? ባዶ ኖራ ሰው አያስቀምጥም» አለችው።

«ስድስት ዓመት የጠበቅሁትን ወንድሜን አፈር ላሳየው ነው?» አለና ሳቀባት። ሦስቴ አስቀባ፤ አልበቃውም፣ ሁለት ጊዜ ደገመ። ሲያልቅ ግድግዳው ዓይን ይወጋ ነበር። እሱ ግን ጠዋት ማታ እየገባ ያየዋል፤ በጣቱ እየነካካ ለብቻው ይስቃል።

ቀኑ ደረሰና ታላቅየው ከሚስቱ ጋር መጣ። ድሀ ገበሬ ነው፤ ነገር ግን ሚስቱ ዓመት ሙሉ ፈትላ ያሠራችለትን ጋቢ ለብሷል፤ ለዚህ ቀን ብላ በእንዶድ አጥባዋለች። በመንገድ ያገኘው ሁሉ «እንዴት አምሮብሃል» እያለ ነው ያሳለፈው። ባለጸጋው ሮጦ ወጥቶ ጉልበቱን ሳመ፤ አስገብቶም ከላይኛው መደብ አስቀመጠውና ጠብ እርግፍ ይል ጀመር።

ታላቅየው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ዝቅ ቢል ጋቢውን አየ። በመንገድ ወተት ይመስል የነበረው ጋቢ ከኖራው አጠገብ አመድ የነካው ጨርቅ መስሏል። ጫፉን ሰብስቦ ከጉልበቱ ሥር ከተተው። ቀና ቢል ሚስቱ ነጠላዋን አጥፋ በብብቷ ስትደብቅ አያት። ያን ጊዜ ሆድ ባሰው። መሶቡ ሳይከፈት ተነሣና፣ «ወንድሜ፣ አንተ ምንም አላልከኝም፤ ግድግዳህ ግን ሰደበኝ» ብሎ ወጣ።

ሽማግሌዎቹም፣ «እስከሚመጣው እሑድ አብራችሁ ካልቆረሳችሁ እርቁ ፈርሷል» ብለው ተከትለውት ሄዱ።

ባለጸጋው ኩም ብሎ ቀረ። «ምን በደልኩት? ቤትን ነጭ ማድረግ ኃጢአት ነው?» እያለ ሲብሰለሰል ለግብዣው የተጠራችው ስንዱ ሰማችው። ክርክር አላበዛችም። «ያን ትናንት ከሸማኔ ያመጡትን ጋቢ ከግድግዳው ያስጠጉት» አለችው። አስጠጋው። ገና ሰው ያልለበሰው ጋቢ የመቃብር ቆፋሪ ጋቢ መሰለ። ባለጸጋውም፣ «አፈሩን አምጪው፤ ቶሎ በይ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

አፈሩን የበጠበጠው ራሱ ነው። ቸኩሎ አበዛውና ስንዱ፣ «ሽሮ አደረጉት እኮ» ብላ ሳቀችበት። ኖራ ጨመሩ፤ እንደገና ጥቂት አፈር ጣል አደረጉ፤ ባዘቶ ጥጥ ከአጠገቡ እያስጠጉ አመሳከሩ። አንዱን ማዕዘን ቀብተው አደሩ። በማግስቱ ቀለሙ ደርቆ ጋቢውን ቢያስጠጋበት ጋቢው በራ። ባለጸጋው ጮቤ ረገጠ። ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ እያመጣ ያስጠጋ ጀመር፤ ነጠላውን፣ የስንዱን ሻሽ፣ የገዛ መዳፉን ሳይቀር። ሁሉም አማረበት። «እይው፣ እይው ስንዱ፣ እጄ እንኳ አምሮበታል» ይላል፤ እሷም «አየሁት ጌታዬ፣ ይልቅ ብሩሹን ይያዙ» ትለዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ አለቀ። ባለጸጋው ክንዱን ሳይታጠብ እየሮጠ ከወንድሙ ደጅ ደረሰ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የተለወስከው?» አለው ታላቅየው።

«ግድግዳውን አስታርቄልህ መጣሁ። ነገ ና፣ ወንድምዬ።»

ታላቅየው ከእግር እስከ ራሱ አየው። ታናሹን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲያየው ከልጅነታቸው ወዲህ የመጀመሪያው ነበርና ሳቁ አመለጠው።

እሑድ መጥቶ ከዚያው መደብ ተቀመጠ። ጋቢውን ሊሰበስብ እጁን ሰደደና ተወው። ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ፣ «ዛሬ ደግሞ በምን አጠብሽው?» አላት። «አላጠብኩትም» አለችው። መሶቡ ተከፈተ። ታላቅየው እንጀራውን ቆረሰና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለታናሹ አጎረሰው።

የኔታ ይህን ብለው ወደ ጠያቂው ዞሩ። «ልጄ፣ አንተም ነጭ ነህ፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ንጽሕናህ ባዶ ኖራ ነው። ያ ምስኪን ባልንጀራህ እንደ አቅሙ ጾሞ፣ እንደ አቅሙ አጥቦ ለብሶ ካንተ አጠገብ ሲቀመጥ የገዛ ልብሱ ያሳፍረዋል። አንተም ይህን ስታይ ደስ ይልሃል፤ አትዋሸኝ። ደግ ሰው ማለት ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰው የሚያምርበት ነው። ስለዚህ ጥቂት አፈር ጨምርበት።»

ተማሪው ፊቱ ቀልቶ፣ «አፈሩን ከየት ላምጣው የኔታ?» አላቸው።

«ሩቅ አትሂድ» አሉት። «የተሠራህበት ነው።»