በቅል የታሰረችው ነፍስ

አንድ ጊዜ፣ ጉሙ ገና ከሸለቆው ሳይነሳ፣ አያ ጅቦ አንዲት አህያ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ አገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ አጥንት እንኳ አልቆረጠመም ነበር። ሆኖም ጭቃ የነካው ሥጋ ስለማይወድ ጆሮዋን ነክሶ ጎትቶ አወጣት፤ እስክትደርቅም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

በዚህ መሐል እመት ቀበሮ ውሃ ልትጠጣ መጣች። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሲሞላ ልጆቿን በጀርባዋ ያሻገረችላት ይህችው አህያ ነበረች። ስለዚህ ቀበሮ ጅቡን እጅ ነስታ፣ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው በሥጋ መድከሙ ያሳዝናል አለችው። ሥጋ ከረጢት ነው፤ ጆሮ የሚያቆመው፣ ጭራ የሚያወዛውዘው ነፍስ ነው፤ እሱን የዋጠ ዳግመኛ አይርበውም፤ ችግሩ ሥጋው ሲበላ ነፍሱ በአፍንጫ በኩል በርሮ ማምለጡ ነው ብላ አስረዳችው።

ጅቡ አሰበ። እውነትም የበላው ሁሉ መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ እሱም በማግስቱ ይርበዋል።

«ለካ እስከ ዛሬ ገለባውን ስበላ ነው የኖርኩት» አለ አዝኖ።

ቀበሮ ውሃ ቀጂዎች የረሱትን ቅል አምጥታ አህያዋን እንድትተነፍስበት አዘዘቻት። አህያዋ አንድ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። ቀበሮ ቅሉን በሣር ወተፈችና ለጅቡ ሰጠችው። አህያዋም ቀስ ብላ መንገድ ጀመረች።

«ነፍሷ እዚህ ከሆነ፣ ይቺ በምኗ ትሄዳለች?» አለ ጅቡ።

«በልማድ ነዋ። የእንሽላሊት ጭራ ተቆርጦ ሲወራጭ አይተው አያውቁም?»

አይቶ አያውቅም፤ ግን አላውቅም ማለት አሳፈረውና «ስንቴ!» አለ።

ቤቱ ሲደርስ ልጆቹን አሰልፎ አፋቸውን አስከፈተና ውታፉን ነቀለ። ትንሽ የሣር ሽታ ወጣ። ልጆቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ጠበቁ።

«ሥጋውስ?» አለች ሚስቱ።

«ሄደ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤቱ።»

ሚስቱ ቅሉን ከእጁ ተቀበለችው። የዚያን ቀን ምሳቸው ቅሉ ሆነ።

በማግስቱ ጅቡ ከልጆቹ ጋር ሲያልፍ አህያዋ ሜዳው ላይ ሣር ስትግጥ አዩ። ልጆቹ ሊሮጡባት ሲሉ አባታቸው ከለከላቸው።

«ተዉአት» አለ በሹክሹክታ፤ «ምስኪን፣ መሞቷን የነገራት የለም።»

ከዚህ የምንማረው፣ «አላውቅም» ለማለት የሚያፍር ሰው በእጁ የያዘውን ለቆ፣ የማይጨበጠውን ተሸክሞ ጦሙን እንደሚያድር ነው።