«በሞቴ» ያወፈረው ሰው

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።

በረታችሁ ይሙላ። የኔ ተረት ግን መሙላት ስላስቸገረው ሰው ነው። ጠጋ በሉ። እኔ ብዙ አላወራም፣ ያወራሁትንም አልደግምም።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ደግ ሰው ነበር። ወፍራምም ነበር። ውፍረቱ ከሆዳምነት አልመጣም። ከ«በሞቴ» ነው የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓንጉል ልጅ ሳለ አያቱ ጉርሻ ጠቅልላ፦ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» አለችው። እሱ ጠግቦ ነበርና አፉን ገጠመ። በሳምንቱ አያቱ ሞተች። አርጅታ ነበር፣ ጊዜዋም ደርሶ ነበር። ግን ይህን ለልጅ ማን ይነግረዋል? ጓንጉል «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለና በሆዱ ያዘው። ለማንም ሳይናገር አደገ። ከዚያም ወዲያ «በሞቴ» ያለውን ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም። ሠርግ ቤት በላ። ለቅሶ ቤት በላ። አንዱ ቤት በልቶ ሲወጣ ጎረቤቱ ጠራውና ደግሞ በላ። አገሩ እንዳይሞትበት በላ።

ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋለች። አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። አንጓች ሐይቁ መካከል ወዳለች ደሴት ተድራ ሄዳለች። አንድ ቀን መልእክት ላከች፦ «አባዬ፣ አርግዣለሁ። እናት የለኝም። ስወልድ ደጄ ላይ ሁንልኝ። ስሙንም አንተ ታወጣለህ።»

ጓንጉል ደስ አለውና ልጁን ሊጠይቅ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሰው የሚያሻግሩት አባ ቢያዝን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ታንኳቸው የደንገል ናት፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል እንደ ነዶ እየታሰረ የተሠራች። ጓንጉል አንድ እግሩን አስገባ፣ ታንኳዋ አቃሰተች። ሁለተኛውን አስገባ፣ ውሃ ገባ። ሲቀመጥ ታንኳዋም አብራው ተቀመጠች፣ ጭቃው ላይ።

አባ ቢያዝን መቅዘፊያቸውን ተደግፈው ጥቂት አዩት።

፦ ጓንጉል፣ ልጄ። ታንኳዬ ሰው ትጭናለች እንጂ አገር አትጭንም።
፦ ትልቅ ታንኳ ይሥሩልኛ፣ አባ።
፦ ከዚህ ከተለቀች የኔ ክንድ አይገፋትም። ልጅህ እስክትወልድ ገና ብዙ ጨረቃ ይወጣል። ታንኳዋ ከምትተልቅ አንተ ቅለል።

ጓንጉል ቤቱ ገብቶ ማለ። «ከነገ ጀምሮ እህል የሚባል አልቀምስም» አለ። ረፋዱ ላይ ጀግና ነበር። ቀትር ላይ ጀግንነቱ ሳሳ። ከቀትር በኋላ ረሀቡ መጣና አንጀቱን ጨምድዶ ያዘው። ውሻው ቢያየው ተቆጣ፣ ዶሮዋ ብትንጫጫ ተቆጣ። ማዶ ያለው ቤት ሽሮ ሲንተከተክ እዚህ ሆኖ ሰማው። ሲመሽ የመሶቡን ክዳን አነሣ። ልብ ሲል የመሶቡን ስፌት እያየ ነው፣ እንጀራው የለም። በማግስቱ እንደገና ማለ፣ እንደገናም መሶቡን ጨረሰ። እንዲህ እየማለ እየበላ ጭራሽ ወፈረ።

ከዚያም አንገቱን ደፍቶ ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

፦ አባ፣ ረሀብ ጣለኝ።
፦ እንዴት ብለህ ገጠምከው?
፦ ሁሉንም ባንዴ ተውኩ።

አባ ቢያዝን ከታንኳቸው እንጨት እያወረዱ ነበር። ከግራ ጥቂት አወረዱ፣ ከቀኝ ጥቂት፣ ደግሞ ከግራ።

፦ የአንዱን ጎን ባንዴ ባወርደው ምን ትሆናለች?
፦ ትገለበጣለች።
፦ አንተም ተገልብጠህ ነው።

ይህን ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከቀትር በኋላ ነበርና ንፋስ ተነሣ። ሐይቁ ጠቆረ፣ ማዕበሉ ዳሩን ይመታ ጀመር።

፦ ይህን ንፋስ አየኸው? በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይመጣል። ጎረምሳ ሳለሁ እታገለው ነበርና ሊበላኝ ነበር። አሁን የታንኳዬን አፍንጫ ወደሱ አዞራለሁ፣ እጄን ሥራ አስይዘዋለሁ፣ እጠብቀዋለሁ። ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ይደክመዋል። ያልደከመው ንፋስ እስከ ዛሬ አላየሁም።
፦ የኔ ካልደከመውስ?
፦ የመብያህ ሰዓት ይደርስና ትበላለህ። ብላ እንጂ። ባዶ ታንኳም እኮ የንፋስ መጫወቻ ናት።

ጓንጉል በዚህ ተነሣ። ጠዋት እፍኝ የሽምብራ ቆሎ፣ አንድ አንዷን እያኘከ። ቀትር ላይ ጎመንና ግማሽ እንጀራ። ማታም እንደዚያው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ጎመኑን አበዛ፣ እንጀራውን አሳነሰ። ከቀትር በኋላ ረሀቡ ሲነሣ ውሃ ይጠጣና ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ለአባ ቢያዝን ደንገል ያስራል። ረሀቡ ይጮሃል፣ እሱ ያስራል።

፦ መጣህ? ይለዋል ሆዱን። እንግዲህ እዚያ ሁነህ ጩህ፣ እኔ ሥራ አለኝ።

መጀመሪያ ላይ መከራ ነበር። ደንገሉን ራሱን ሊያኝከው ቃጥቶት ያውቃል። ኋላ ግን ረሀቡ የሚነሣበትን ሰዓት አወቀ፣ የሚወድቅበትንም አወቀ። ያወቁት ንፋስ አያስደነግጥም። አልፎ አልፎ ታንኳዋ ውስጥ ይቀመጥና አባ ቢያዝን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ከውሃው በላይ የሚታየው ደንገል እየጨመረ ሄደ።

ግን ዘነቡ አለች። ዘነቡ ጎረቤቱ ናት። እጇ ይጣፍጣል፣ አፏ አያርፍም። አንድ ቀን ቅቤ ያራሰው ፍትፍት ይዛ ገባች።

፦ አያ ጓንጉል፣ አንገት አወጣህ እኮ። አመመህ?
፦ አላመመኝም።
፦ ጦም ነህ?
፦ አይደለሁም።
፦ እንግዲያ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።

ጓንጉልን ላብ አጠመቀው። ረሀቡ ብቻውን ቢመጣ ይችለው ነበር። አሁን ግን አያቱ አብራው ቆመች። አፉን ከፈተ።

፦ አንድ ያጣላል፣ አለችና ዘነቡ ሁለተኛ ጠቀለለች። ሁለተኛውን ሦስተኛው ተከተለው። ሳህኑ እስኪያበራ ድረስ ማንም አልሞተም።

ጓንጉል በማግስቱ የአያቱን ነገር ለአባ ቢያዝን ነገራቸው። ለሰው ሲናገረው ያን ዕለት መጀመሪያው ነበር። አባ ቢያዝን አልሳቁበትም።

፦ አያትህ ጥርስ ነበራት?
፦ አልነበራትም። ዓይኗም ፈዞ ነበር።
፦ እንግዲያ የወሰዳት የላካት ነው። የልጅ አፍ ቢገጠም ሰው አይሞትም። በሞቴ ያለችህ እወድሃለሁ ስትልህ ነው።
፦ ዘነቡ በሞቴ ስትለኝስ ምን ልበል?
፦ ሞት ብላ የመጣችን ሴት በምን ይመልሷታል? በኑሮ ነው እንጂ። ኑሪልኝ በላት።

ዘነቡ ተመልሳ ለመምጣት ብዙም አልቆየች። ጎረቤቱ ሁሉ ጓንጉል ቤት በተሰበሰበበት ጉርሻዋን አነሣች።

፦ በሞቴ፣ አያ ጓንጉል።

ጓንጉል ጉርሻውን ከእጇ ተቀበለ። ከዚያም መልሶ እሷኑ አጎረሳት።

፦ ኑሪልኝ፣ እቴ ዘነቡ።

ዘነቡ ጉንጯ ተወጥሮ ዝም አለች። ዘነቡ ዝም ስትል ያየ አልነበረምና ቤቱ በሳቅ ሞላ። አላምጣ ዋጠች።

፦ ጨው አንሶታል፣ አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ጓንጉል ቤት በሞቴ የሚል ሰው አፉን አሰናድቶ ይመጣ ነበር።

ጨረቃውም ወጣ፣ ገባ። አንድ ጠዋት አንጓች ምጥ ይዟታል የሚል መልእክት ከደሴቲቱ መጣ። ጓንጉል ቆሎውን ሳይቀምስ ሮጠ። አንድ እግሩን አስገባ። ሁለተኛውን አስገባ። ተቀመጠ። ታንኳዋ ዝም አለች።

፦ ሰው ሆንክ፣ አሉት አባ ቢያዝንና ቀዘፉ።

መካከል ላይ ሲደርሱ ንፋሱ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ተነሣ። የጓንጉል ረሀብም አብሮ ተነሣ። የአባ ቢያዝን ክንድ ዛለ። ጓንጉል መቅዘፊያውን ተቀበለ፣ የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ንፋሱ አዞረ። እጁ ሥራ ያዘ። ሁለቱም ንፋሶች ጮኹ፣ ጮኹ፣ ደከማቸው።

ደጇ ሲደርስ እልልታውን ሰማ። ሴት ልጅ ነበረች።

ሲያስገቡት አንጓች ፊቷ ገርጥቶ ተጋድማ አገኛት። ምጡ ጠንቶባት ነበር፣ ሴቶቹም ፈርተው ነበር። አጠገቧ ገንፎ አለ፣ ቅቤው መካከሉ ላይ ቀልጦ። በማንኪያ ቆረሰችለት።

፦ አባዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልበላህም መሰለኝ። በሞቴ።

በዚያ ቀን፣ በዚያ ቤት፣ ያ ቃል ከባድ ነበር። ሆዱ ደግሞ በሩን ይደበድባል። ጓንጉል ማንኪያውን ከእጇ ወሰደና ቀስ ብሎ አጎረሳት።

፦ ኑሪልኝ፣ አላት።

ዋጠች። ከንፈሯ ላይ ደም ሲመለስ አየ። ከዚያም ለራሱ ከዳር ከዳሩ ጥቂት ጊዜ ቆረሰ፣ ቀስ ብሎ በላ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ።

፦ ጨምር እንጂ፣ አባዬ።
፦ ጠገብኩ።

አንጓች ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም ነበርና ፈገግ አለች። ሕፃኗን አንሥታ ታንኳ ያሰምጥ ከነበረው ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

፦ ስሟንስ ማን ትላታለህ?
፦ አሁን አልኩት እኮ። ኑሪልኝ ናታ።

ኑሪልኝም ኖረች። እናቷም ኖረች። ዘነቡም እስክታረጅ ድረስ ጨው ስትጨምር ኖረች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቆሎ አብሱ። እፍኝ ይበቃኛል። በሞቴ የሚለኝ ካለ ግን አፉን ያሰናዳ።